የጥርስ ሐኪም በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽን ማከም ይችላል?

ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሐኪሞች ሁለት የተለያየ መንገድ ስላመለከቱኝና የትኛውን መያዝ እንዳለብኝ መወሰን ስላቃተኝ፣ በሙያው ውስጥ ያላችሁም ሆነ ነገሩ በራሳችሁ ላይ የደረሰ እንድትረዱኝ ነው የምጽፈው።

ዕድሜዬ 47 ነው። ባለቤቴ በማንኮራፋቴ ለዓመታት ስትቸገር ኖራለች፤ ባለፈው ዓመት ግን የሚያስፈራት ድምፁ ሳይሆን በመካከሉ የሚመጣው ዝምታ መሆኑን ነገረችኝ። ትንፋሼ ጸጥ ሲል ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በኃይል ስቤ እተነፍሳለሁ፤ ጠዋት ግን አንዱንም አላስታውስም። የእንቅልፍ ምርመራ ሲደረግልኝ ትንፋሼ በሰዓት 22 ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያንስ ታየ፤ መካከለኛ ደረጃ ስሊፕ አፕኒያ ነው ተብሎም በጭምብል አየር የሚገፋው ማሽን፣ ሲፓፕ፣ ታዘዘልኝ። ሦስት ወር በቅንነት ሞከርኩ። እንቅልፍ ላይ እያለሁ ሳላውቀው ጭምብሉን አውልቄ እጥለዋለሁ፤ የማሽኑ መዝገብም በአማካይ በሌሊት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳልተጠቀምኩበት ያሳያል።

በዚህ መካከል ጥርሴን ለማሳጠብ ሄጄ ሳለ የጥርስ ሐኪሜ አፌን ስትመለከት ቆየችና፣ ስለ ጥርሴ ከመናገሯ በፊት «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩን ስነግራት የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ መሣሪያ ልትሠራልኝ እንደምትችል፣ ይህን ግን ከእንቅልፍ ሐኪሜ ጋር ተነጋግራ እንደምታደርገው ገለጸችልኝ። የእንቅልፍ ሐኪሙ በበኩሉ ሲፓፑን እንዳልተው አጥብቆ ነገረኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የጥርስ ሐኪም የምትሠራው መሣሪያ እውነተኛ ሕክምና ነው ወይስ ለማንኮራፋት ብቻ የሚሆን መጽናኛ?

ጥርስና መንጋጋ

ወንድሜ፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ባለፉት ዓመታት ከሥራዬ ትልቁን ክፍል የያዘው ይኸው ጉዳይ ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ይቅር ይበሉኝ። አዎን፣ እውነተኛ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በሁሉም ሰው ላይ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም ብቻዋን የምትጀምረውና ብቻዋን የምትጨርሰው ሥራም አይደለም።

ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ትልቁ ጡንቻ የተተከለው በአገጭ አጥንት የውስጥ ገጽ ላይ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ጡንቻዎች ሲላሉ፣ በተለይ በጀርባ ለተኛ ሰው፣ ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ይወድቃሉ፤ በተፈጥሮ ጠባብ የሆነ ጉሮሮም ይደፈናል። የታችኛው መንጋጋ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲያዝ ምላስ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ መንጋጋን ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር የሚያያይዙት ሕብረ ሕዋሳት ስለሚወጠሩ ከላንቃ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ወደ ጎን ይሰፋል። መሣሪያው ለላይኛውና ለታችኛው ጥርስ በልክ የተሠሩ ሁለት ሽፋኖች ያሉት ሲሆን፣ የሚያገናኛቸው ክፍል መንጋጋውን በተወሰነ ርቀት ወደ ፊት ይዞ ያቆያል።

ሐሳቡ ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሮቢን መንጋጋቸው እጅግ ትንሽ ሆኖ በተወለዱና ምላሳቸው ወደ ኋላ ወድቆ በሚያፍናቸው ሕፃናት ላይ ይህንኑ ሐሳብ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሠርቶበታል። ለአዋቂዎች ምላስን በመምጠጥ ወደ ፊት የሚይዝ መሣሪያ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን ሲፓፕን ያስተዋወቁት ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለቱ ሕክምናዎች የአንድ ዓመት ታላቅና ታናሽ መሆናቸውን ለታካሚዎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ፤ አንዱን ጥንታዊና የተፈተነ፣ ሌላውን አዲስና አጠራጣሪ አድርገው ስለሚያስቡ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚና የጥርስ እንቅልፍ ሕክምና አካዳሚው በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ሲፓፕን መቋቋም ላልቻለ ወይም ሌላ አማራጭ ለመረጠ አዋቂ የአፍ መሣሪያ እንዲታዘዝ ይመከራል። መመሪያው መሣሪያው ለሰውየው በልክ የተሠራና ደረጃ በደረጃ ሊስተካከል የሚችል፣ የሚሠራውም ሥልጠና ባለው የጥርስ ሐኪም እንዲሆን ይላል። እርስዎ ያሉበት ሁኔታ መመሪያው የሚናገርለት ሁኔታ ነው።

ሐኪምዎ ልክ ከመውሰዷ በፊት መሣሪያውን የሚሸከሙ በቂ ጥርሶች መኖራቸውን፣ ድድዎ ጤነኛ መሆኑንና ከጆሮ ፊት ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም እንደሌለበት ታያለች፤ የታችኛው መንጋጋዎ በራሱ ኃይል ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚወጣም ትለካለች። ብዙዎቻችን ከዚህ ርቀት ግማሹን ያህል አስቀድመን እንጀምርና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እንጨምራለን። መንጋጋን እስከ መጨረሻው ጥግ መጎተት ስህተት ነው፤ የምንፈልገው ጉሮሮው የሚከፈትበትን ትንሹን ርቀት ነው።

አፍዎን አይታ ስለ እንቅልፍዎ የጠየቀችበትንም ምክንያት መገመት እችላለሁ፤ በመፋጨት የተበላ ጥርስ፣ ጠርዙ የጥርስ አሻራ የያዘ ምላስ፣ ጠባብና ከፍ ያለ ላንቃ፣ አፍ ተከፍቶም እንጥሉ የማይታይበት ጉሮሮ ጥርጣሬ ያሳድራሉ። ጥርሱን የሚያፋጭ ሁሉ አፕኒያ አለበት ማለት ግን አይደለም፤ ምልክት መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

የሳንባና እንቅልፍ ሐኪም

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እደግፋለሁ፤ እንዲህ በጥንቃቄ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ማግኘት ለእኛም እፎይታ ነው። ሆኖም የጠያቂው ሐኪም ሲፓፑን አትተው ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይመስለኝም።

የትንፋሽ መቋረጥን ቁጥር ዝቅ በማድረግ ረገድ ሲፓፕ ከአፍ መሣሪያ ይበልጣል፤ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነው። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ያለው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ያለው መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ይባላል፤ በከባዱ ደረጃ ላይ ላለና ኦክስጅኑ በእጅጉ ለሚወርድ ሰው መጀመሪያ የማዝዘው ሁልጊዜም ሲፓፕን ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ማሽን በ7 ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ለ2 ሰዓት ብቻ ከተደረገ፣ ቀሪዎቹን 5 ሰዓታት ሰውየው ያለ ምንም ሕክምና ነው የሚያሳልፋቸው። የአፍ መሣሪያ በከፊል ብቻ ቢሠራም ሌሊቱን ሙሉ አፍ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነጻጸሩ ሙከራዎች በቀን እንቅልፋምነትና በደም ግፊት ላይ ያላቸው ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ጠያቂው ከመካከለኛ ደረጃው አንጻር የአፍ መሣሪያን ቢመርጡ የሚያስወቅስ ነገር የለውም።

ከዚያ በፊት ግን ሲፓፑ ለምን እንዳልተስማማዎት በሚገባ ተመርምሯል? የተደፈነ አፍንጫ፣ ፊት ላይ የማይገጥም ጭምብል፣ እርጥበት የሌለው አየር ወይም ከልክ ያለፈ ግፊት ብዙ ሰው ያሸንፋሉ፤ ሁሉም መፍትሔ አላቸው። አፍንጫው የተደፈነ ሰው በአፍ መሣሪያም መቸገሩ ስለማይቀር ይህ ምርመራ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ አይባክንም።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። መሣሪያው ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ እርሱን አፍዎ ውስጥ እንዳደረጉ የእንቅልፍ ምርመራው እንዲደገም ያድርጉ። ማንኮራፋት ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። ድምፅ የሚፈጥረው የሚርገበገበው ሕብረ ሕዋስ ነው፤ እርሱ ጸጥ ብሎም ጉሮሮ ሊዘጋ፣ ኦክስጅንም ሊወርድ ይችላል። ምርመራው እስኪደገም ድረስ ባለዎት ሕክምና ይቀጥሉ፤ እንቅልፍ በተጫነዎት ቀን መኪና አይንዱ።

ሦስተኛ ዓመቴ

የሳንባ ሐኪሙ የተናገሩት በእኔ ላይ ስለደረሰ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ የገዛሁት በፈላ ውኃ አለስልሰው በጥርስ የሚነክሱትን ዓይነት ነበር፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ ምርመራ። በሁለተኛው ሌሊት ማንኮራፋቴ ጠፋ፤ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ አንድ ዓመት ተኩል ተቀመጥኩ። ጠዋት ራሴን ማመሙ ግን አልተወኝም፤ የደም ግፊቴም በሁለት መድኃኒት አልወርድ አለ። በመጨረሻ የልብ ሐኪሜ ወደ እንቅልፍ ምርመራ ላከኝ፤ መሣሪያውን አፌ ውስጥ አድርጌ በሰዓት 27 ተገኘ። ያንን ዓመት ተኩል ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ዝምታውን ጤና ብለን ሁለታችንም ተደሰትንበት።

አሁን በልክ የተሠራልኝን አደርጋለሁ፤ ደረጃ በደረጃ ከተስተካከለ በኋላ በተደረገው ምርመራ 8 ላይ ነኝ። ጠያቂው ሳይዘጋጁ እንዳይጀምሩ ያየሁትን ሁሉ ልናገር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምራቅ ይበዛል፤ ጠዋት ላይ ጥርስ ከጥርስ አልገጥም ይላል። ሐኪሜ የሰጠችኝን ትንሽ መንከሻ በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ እነክሳለሁ፤ መንጋጋዬም ወደ ቦታው ይመለሳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ንክሻዬ ለዘለቄታው ጥቂት ተለውጧል፤ የፊት ጥርሶቼ ከበፊቱ ይልቅ ጫፍ ለጫፍ ቀርበዋል፤ ከኋላ በአንድ በኩል ምግብ በደንብ አይደቅልኝም። ይህ አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ከትንፋሼ ጋር ሳመዛዝነውም ልውውጡን እቀበለዋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ስለ አዋቂ አይደለም። የ7 ዓመት ልጄ አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ ያንኮራፋል፤ ሌሊት ሲገላበጥ አንሶላው ከአልጋው ይወርዳል። ትምህርት ቤት ደግሞ አይረጋጋም ይሉኛል። አንድ የጥርስ ሐኪም ላንቃውን የሚያሰፋ መሣሪያ ከተደረገለት ሁሉም እንደሚስተካከል፣ ጥርስ ነቅሎ ማስተካከል ግን ኋላ አፕኒያ እንደሚያመጣበት ነግሮኛል። ልመን?

ጥርስና መንጋጋ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን የሕፃናት ሐኪምና የአንገት በላይ ሐኪም ይዩት። የሚናገሩት ምልክት በልጅ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን የሚያስጠረጥር ነው፤ እንቅልፍ ያጣ አዋቂ ሲያንቀላፋ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ትኩረት ያጣል፣ አንዳንዴም አልጋ ላይ ይሸናል። በልጆች ዋናው ምክንያት የቶንሲልና የአዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ) ማበጥ ነው፤ እነዚህ ካበጡም የመጀመሪያው ሕክምና እነርሱን ማውጣት ነው። የምርመራው መመዘኛም ይለያል፤ በአዋቂ ከ5 በታች ሲሆን ጤነኛ የምንለው ቁጥር በልጅ ከ1 ካለፈ ያሳስበናል።

ላንቃ ማስፋት መልካም ሕክምና ነው፤ እኔም እሠራዋለሁ። የላንቃው መካከለኛ ስፌት በልጅነት ገና ስላልጠነከረ በቀላሉ ይከፈታል፤ የአፍንጫው ወለልም አብሮ ይሰፋል። የሚደረገው ግን ላንቃው በእርግጥ ጠባብ ለሆነ ልጅ ነው። አፉን ለሚከፍት ልጅ ሁሉ፣ አፕኒያን ያስቀራል ተብሎ የሚሰጥ መከላከያ አይደለም። ጥርስ ነቅሎ ማስተካከልን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ የጥርስ ማስተካከል ሥራ አፕኒያ ያመጣል የሚለውን አባባል የሚደግፍ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። እናትን በልጇ ትንፋሽ ማስፈራራት ያሳዝነኛል፤ ከፍርሃት የተነሣ የሚደረግ ሕክምና ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ምርመራ ያዘገያል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ትምህርታችን ስለ እንቅልፍ የሰጠን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ውይይቱን በጉጉት ነው የተከተልኩት። ቤት ተወስዶ የሚደረገው የእንቅልፍ መመርመሪያ እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ሰጥቶ፣ ውጤቱን አንብቦ፣ መሣሪያውን ቢሠራ ምን ይጎዳል? ታካሚው ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲመላለስ ተስፋ ቆርጦ የሚቀር ብዙ ነው።

የሳንባና እንቅልፍ ሐኪም

ተስፋ ቆርጦ የሚቀር አለ፤ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ቀጠሯችን ረጅም ነው። ነገር ግን ውጤቱን ማንበብ ማለት ቁጥሩን ማየት ብቻ አይደለም። ትንፋሽ የሚቋረጠው ጉሮሮ ተዘግቶ ነው ወይስ አንጎል የመተንፈስን ትእዛዝ ሳይልክ ቀርቶ? ሁለተኛው ዓይነት የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይታያል፤ መንጋጋ ወደ ፊት ማውጣት አይፈታውም። ቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራም አንዳንድ ጊዜ በሽታ ያለበትን ሰው ነጻ ነው ይላል፤ ያኔ በላቦራቶሪ መደገም አለበት። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአቋም መግለጫ የጥርስ ሐኪም ታካሚዎቹን ለይቶ እንዲልክ፣ ምርመራውን ግን ሐኪም እንዲወስን አድርጎ ነው ሥራውን የከፈለው።

ጥርስና መንጋጋ

በዚህ ከዶክተሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ባልስማማም ልዩነታችን ጠባብ ነው። መመርመሪያውን ከእኔ ክሊኒክ ወስዶ፣ ውጤቱ በቀጥታ ወደ እንቅልፍ ሐኪም ሄዶ እዚያ ቢነበብ፣ የታካሚው ምልልስ ይቀንሳል፤ ፍርዱም ከእንቅልፍ ሐኪሙ እጅ አይወጣም። መሣሪያው ተስተካክሎ ሲያልቅም በዚሁ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ወስኜ፣ ራሴ ሠርቼ፣ ራሴ ተሳክቷል ብዬ መፍረድን ግን አልደግፍም፤ ከገዛ ሥራው ላይ ዳኛ የሚሆን ሰው ቅን ቢሆንም ይሳሳታል።

ለተማሪው ግን ከመሣሪያው የሚበልጠው ሥራ ጥያቄው መሆኑን ልንገርዎት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ከቀላል እስከ ከባድ አፕኒያ እንዳለባቸው ያሳያል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። ሐኪም ቤት የማይሄድ ጤነኛ ነኝ ባይ ሰው ጥርሱን ሊያሳይ ይመጣል፤ በጀርባው ተንጋልሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጉሮሮው በብርሃን ይታየኛል። ስቶፕ ባንግ የሚባለው መጠይቅ ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ያንኮራፋሉ? ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ የታየበት ጊዜ አለ? የደም ግፊት አለብዎት? ከዚያ የክብደት፣ የዕድሜ፣ የአንገት ውፍረትና የጾታ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ አዎን ካለ ደብዳቤ ጽፈው ይላኩት። ጥርስ ለመንቀል የሚያስተኛ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊትማ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አይዝለሉ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላል፤ በአፕኒያ ላይ ሲጨመር ወንበሩ ላይ ሕይወት አደጋ ውስጥ ይገባል።

እንግዳ

አባቴ አንድም ጥርስ የላቸውም። ለእርሳቸው የሚሆን ነገር አለ?

ጥርስና መንጋጋ

መንጋጋ የሚገፋው መሣሪያ የሚይዘው ጥርስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንላቸውም። ምላስን በመምጠጥ የሚይዘው ዓይነት ግን በጥርስ ላይ ስለማይመሠረት ሊሞከር ይችላል፤ ብዙ ሰው ለመልመድ ይቸገራል እንጂ። ሲፓፕን መጀመሪያ ይሞክሩ።

ማለዳ

ከአምስት ወር በኋላ የምመለሰው ውጤቱን ሳልይዝ መምጣት ስላልፈለግሁ ነው። መጀመሪያ በሳንባ ሐኪሙ ምክር የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አለርጂ ያሳበጠው አፍንጫዬ ታከመ። በተከፈተ አፍንጫ ሲፓፑን እንደገና ሞከርኩ፤ 4 ሰዓት ደረስኩ፤ ከዚያ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ያኔ የእንቅልፍ ሐኪሜ ራሱ ለጥርስ ሐኪሜ የማዘዣ ደብዳቤ ጻፈላት።

የመጀመሪያውን ወር በግራ በኩል መገጣጠሚያዬ ስላመመኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሳ ሁለት ሳምንት አሳረፈችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች። ባለቤቴ ጸጥታውን ከሰማች ወር አልፏት ነበር፤ እኔ ግን የ«ሦስተኛ ዓመቴ»ን ታሪክ ስላነበብኩ ምርመራው እስኪደገም መደሰትን ፈራሁ። ተደገመ፤ 11 ሆነ። የጥርስ ሐኪሜ ውጤቱን ከእንቅልፍ ሐኪሙ ጋር አይታ አንድ ሚሊሜትር ጨመረች፤ በጎን እንድተኛም አዘዙኝ፤ ምክንያቱም የቀሩት መቋረጦች ከሞላ ጎደል በጀርባዬ ስተኛ የሚመጡ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ተመረመርኩ፦ በሰዓት 6። ሲፓፑ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ጉንፋን ይዞኝ ወይም ጥርሴ ታክሞ መሣሪያውን ማድረግ ባልቻልኩበት ሌሊት እንድጠቀምበት ተነግሮኛል። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ንክሻዬ ምን ያህል እንደተለወጠ ዛሬ ከተወሰደው ልክ ጋር ታስተያየዋለች።